ትንኟን ክንፍ ሳታወጣ፦ ሰውንም ንብንም ሳይጎዱ የወባ ትንኝን መቀነስ

ወባ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው መስከረምን ነው። ክረምቱ ይወጣል፣ ዝናቡ ጋብ ይላል፣ በየሜዳው ያቆረ ውኃ ይቀራል። ትንኝ ይፈላል፤ ወባ ይከተላል። የቆላ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ድሬዳዋ ላይ በ2022 የሆነው ግን በዚህ ልማድ የሚገባ አልነበረም። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ወረርሽኙ የተነሳው ዋናው ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያ ነው። እስከ ሐምሌም ዘለቀ። ቦታውም ገጠር ሳይሆን ከተማ ነው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የታመሙ ሰዎችን ቤትና ጎረቤት አሰሱ። ከያዟቸው ትንኞች 97 በመቶው የአንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ስሟ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው፤ ከእስያ የመጣች ናት። በቤቱ ዙሪያ እሷ ባለችበት፣ የታማሚው ቤተሰብና ጎረቤትም በብዛት በወባ ተይዞ ተገኘ። ትንኞቹ ውስጥም የወባው ተሕዋስ ራሱ ታየ።

የምትራባውስ የት ነው? በርሜል ውስጥ። ሮቶ ውስጥ። ለግንባታ ተብሎ ውኃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ።

ስለ ትንኝ ሲወራ ሁሉም ቶሎ የሚጠይቀው "መቼ ይረጫል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰውን፣ ንብን፣ ዓሣን ሳይጎዱ ትንኝን ለመቀነስ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ገና ክንፍ ሳታወጣ፣ ውኃ ውስጥ ያለችበት ጊዜ ነው። ያኔ የትም አትሄድም። የት እንዳለችም ማየት ይቻላል። በከተማ ደግሞ ያ ውኃ በአብዛኛው ያለው በገዛ ግቢያችን ነው።

በርሜሉን ከፍታችሁ እዩ

ከሳምንት በላይ የቆየ ውኃ ያለበት በርሜል ካላችሁ፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት ሰዓት ክፈቱት። መጀመሪያ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ጥላችሁ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይጠልቃሉ። ትንሽ ታገሡ። አየር ስለሚያስፈልጋቸው ተመልሰው ይወጣሉ። እየተጥመለመሉ የሚዋኙ ቀጫጭን ነገሮች ናቸው። እነዚህ የትንኝ እጮች ናቸው።

አሁን አቀማመጣቸውን ልብ በሉ። ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ፣ ሙሉ አካሉን ወደ ላይ አድርጎ የተንሳፈፈው የወባ ትንኝ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ጭራው ላይ ባለች ቱቦ የሚተነፍሰው ደግሞ የሌላ ወገን ነው። ከነዚህ አንዷ ኤደስ ኤጂፕቲ ትባላለች። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታዛምተው እሷ ናት። ድሬዳዋ ሁለቱንም በሽታዎች ቀምሳለች፤ ደንጊን በ2013፣ ቺኩንጉንያን በ2019። ጭንቅላቱ ወፈር ያለና ጅራቱ የታጠፈ፣ ሲነካ የሚገላበጥ ነገር ካያችሁ ደግሞ ሙሽሬ ነው። ሙሽሬ ካያችሁ አትዘግዩ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከሳምንት ብዙም አይርቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች "በሳምንት አንድ ጊዜ አጽዱ" የሚሉት ለዚህ ነው። ሳምንቱ ካለፈ፣ የምትደፉት ውኃ ውስጥ የነበሩት ትንኞች አስቀድመው በረው ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኤደስ እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ትንሽ ከፍ ብላ፣ የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ጥቁርና በጣም ጥቃቅን ነው፤ ቆሻሻ ይመስላል። ደርቆ ለወራት ይቆያል። ውኃ እንደገና ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ መልሶ መሙላት ብቻውን አይበቃም። ግድግዳውን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። እጥበቱንም ደረቅ መሬት ላይ ድፉት እንጂ ቦይ ውስጥ አትጨምሩት።

ክዳን አለው ማለትም ተከድኗል ማለት አይደለም። በርሜል ላይ ቆርቆሮ ጣል ይደረግና ጠርዙ ክፍት ይቀራል። በዚያች ክፍተት ትንኝ ትገባለች። ውስጡ ደግሞ ጨለማና ንፋስ የሌለበት ስለሆነ ይስማማታል። የሚሻለው በበርሜሉ አፍ ላይ ጨርቅ ወይም ደቃቅ ወንፊት ወጥሮ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ሮቶ ያላችሁ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው የላዩ ክዳን ነው፤ ብዙ ጊዜ ተሰንጥቋል ወይም ንፋስ ወስዶታል። ሁለተኛው ታንከሩ ሲሞላ ትርፍ ውኃ የሚፈስበት ቱቦ ነው። የቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ማሰር ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሳህን፣ የዶሮ ውኃ መጠጫም ቢሆን ቀላል አይምሰሏችሁ። ኤደስ ትንሽ ውኃ ይበቃታል።

እንግዳዋ ትንኝ ለምን አስቸገረች

ስቴፈንሲ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው ጅቡቲ ላይ፣ በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ውስጥ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ ባትሆንም ድርሻዋ ትልቅ እንደሆነ ይታመናል። እኛ ጋ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከዚያ በኋላ በሶማሌ፣ በአፋር፣ በድሬዳዋ እየተባለ ተለየች።

ነባሯ ትንኛችን አኖፌለስ አረቢያንሲስ ዝናብ የፈጠረውን ኩሬ ትፈልጋለች። ስቴፈንሲ ግን የሰው እጅ ያጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች። ፍየልና ከብትም ትነክሳለች፤ ከቤት ውጪም ትነክሳለች፤ በረት ውስጥም ታርፋለች። ለብዙ ዓይነት ፀረ ትንኝ ኬሚካሎችም አትበገርም። የቤት ውስጥ ርጭትና አጎበር ደግሞ የተነደፉት ማታ ቤት ገብታ ነክሳ ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ትንኝ ነው። ከስቴፈንሲ ጋር የሚደረገው ትግል ወደ ውኃው ማተኮር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ህንድ ከዚህች ትንኝ ጋር ከእኛ በፊት ረጅም ጊዜ ኖራለች። ሙምባይ ውስጥ የጣሪያ ላይ ውኃ ታንከር ትንኝ የማያስገባ መሆን እንዳለበት ሕግ ያስገድዳል። እኛ ጋም በተለይ ግንባታ ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር እላለሁ። ለኮንክሪት ሥራ ተብሎ፣ ላስቲክ ተነጥፎበት ለሳምንታት ውኃ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከብዙ በርሜል የበለጠ ትንኝ ያፈራል። እዚያ ያለውን ውኃ መቆጣጠር የአሠሪውና የኮንትራክተሩ ኃላፊነት ነው፤ የጎረቤት እናቶች ሊያጸዱት አይችሉም።

እጭን ብቻ የሚገድል ባክቴሪያ

ሊደፋ የማይችል ውኃ ይኖራል። ትልቅ ጉድጓድ፣ ትልቅ ታንከር፣ ውኃ ጠፍቶ በጭንቅ የተሞላ ማጠራቀሚያ። ለዚህ ከሁሉ የምወደው መፍትሔ ቢቲአይ የሚባለው ነው።

ቢቲአይ አፈር ውስጥ የሚኖር የባክቴሪያ ዝርያ ነው። የተገኘው በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ የሞቱ እጮች ከተንሳፈፉበት ኩሬ ነው። ባክቴሪያው ጥቃቅን የፕሮቲን ክሪስታሎች ይሠራል። እጩ ውኃ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እያጣራ ስለሚበላ ክሪስታሉንም ይውጠዋል። የእጭ አንጀት የአሲድ ተቃራኒ፣ ማለትም አልካሊ ነው። ክሪስታሉ እዚያ ይሟሟና ወደ መርዝነት ይለወጣል። አንጀቱን ይበሳሳዋል፤ እጩ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። የሰው ጨጓራ አሲድ ነው፤ መርዙ የሚጣበቅበት ቦታም የለውም። ስለዚህ ለሰው፣ ለከብት፣ ለዓሣ፣ ለንብ አደጋ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ጭምር እንዲውሉ የተቀበላቸው የቢቲአይ ምርቶች አሉ።

ድክመትም አለው። ሙሽሬ ስለማይበላ ቢቲአይ አይነካውም። ኃይሉም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ መደጋገም ይፈልጋል። መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው።

ዓሣውስ?

አሰብ ገና የኢትዮጵያ ወደብ ሳለች የተሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአገራችን የወባ ባለሙያዎች ከቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ አፋኒየስ ዲስፓር የምትባል ትንሽ ዓሣ ወስደው በከተማዋ ጉድጓዶችና ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ጨመሩ። ዓሣዋ ጨዋማ ውኃንም ሙቀትንም ትችላለች፤ እጭ ደግሞ ምግቧ ነው። እጩ በጣም ቀነሰ። ውጤቱ በ1992 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በሰሜን ሶማሊያም ቢርካ በሚባሉ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የአካባቢውን የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ዓሣ በመጠቀም ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። የእኛ የሶማሌ ክልል ሕዝብ የሚጠቀመውም ቢርካ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ሩቅ አይደለም።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው የአካባቢው ተወላጅ መሆን አለበት። ጋምቡዝያ የምትባለው የአሜሪካ ዓሣ ትንኝ ትበላለች ተብሎ በመላው ዓለም ተበትና የብዙ አገር ነባር ዓሣዎችንና እንቁራሪቶችን ጎድታለች። ከየትም ያመጡትን ዓሣ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ከትንኝ የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም?

ይህ አስተሳሰብ ያሳስበኛል። እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነም፣ እንዶድን በሽታውን ለመከላከል ትልቅ ተስፋ አደረጉት። ክብር የሚገባው ሥራ ነው። እንዶድ የትንኝ እጭንም ይገድላል። ግን ዓሣም ይገድላል። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጨመር ነገር አይደለም።

የተቃጠለ ዘይት ውኃ ላይ ማፍሰስም እንደዚሁ ነው። አዎ፣ እጩ አየር ያጣና ይሞታል። አሮጌ ምክር ነው፤ ዛሬም ይነገራል። ነገር ግን ዘይቱ አፈሩን ይበክላል፤ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል፤ ከብቱም ከዚያ ይጠጣል። በአካፋ አፈር አምጥቶ ማዳፈን እያለ ይህን የምናደርግበት ምክንያት የለም።

ወይራ፣ ጥንጁት፣ ቀበሪቾ ማጨስስ? ጭሱ ትንኝ እንደሚያባርር አገር ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አያቶቻችን ያለ ምክንያት አላጨሱም። ችግሩ ጭሱ ሲያልቅ ትንኟ መመለሷ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለሕፃን ሳንባ አይሆንም። ቆዳ ላይ ለሚቀባ ነገር የሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት ተጣርቶ የሚዘጋጀው መከላከያ ጥሩ ውጤት አለው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይመከርም። በሞባይል አፕ በሚወጣ ድምፅ ትንኝ ማባረር የሚባለውን እርሱት፤ አይሠራም።

አንድ ደስ የሚለኝ ግኝት ልጨምር። በ2016 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት አረቢያንሲስ የዶሮን ጠረን እንደምትሸሽ አሳይተዋል። ዶሮ አልጋ ሥር እሰሩ ማለቴ አይደለም። ከጠረኑ ውስጥ ትንኝ የሚያባርሩትን ነገሮች ለይቶ ወደ መከላከያ መለወጥ ይቻል ይሆናል የሚል ተስፋ ነው።

ገጠር ላይ

እዚያ ነገሩ ይከብዳል። ከዝናብ በኋላ የከብት ኮቴ ውስጥ የቀረ ውኃ እንኳ ለአረቢያንሲስ ይበቃል። ሁሉን ማዳፈን አይቻልም። ግን ሰው ራሱ የፈጠረው ውኃ አለ። በ1999 በወጣ ጥናት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በትግራይ አነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይተዋል። በኋላ እዚያው ትግራይ፣ ደባ በምትባል መንደር፣ ነዋሪው ከግድቡ የሚያፈስሰውን ውኃ አፋሰሰ፣ ጉድጓዱን ደፈነ። በራሪዎቹ ትንኞች በግማሽ ያህል ቀነሱ። ያለ ኬሚካል፣ በአካፋና በዶማ።

በቆሎም አለበት። የወባ ትንኝ እጭ የበቆሎ ብናኝ ይመገባል፤ ሲመገብ ቶሎ ያድጋል፣ ይወፍራል። ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ያህል በዝቶ አግኝቷል። በቆሎ አትዝሩ የሚል ማንም የለም። ከደጃፍ አጠገብና ውኃ ከሚያቁርበት ቦታ አጠገብ ግን ሌላ ሰብል ቢዘራ ይመረጣል።

አጎበርና ርጭት ይቅር?

አይቅር። በ2024፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለውን መሣሪያ ሁሉ መጠቀም ግድ ነው። ገጠር ላይ አጎበር ዛሬም ነፍስ ያድናል። ግን ዲዲቲን አስታውሱ። ለአሥርት ዓመታት ተረጨ፤ ትንኟ ተላመደችው፤ ከ2009 ገደማ ጀምሮ በሌላ ተተካ። በኬሚካል ብቻ የሚደረግ ትግል ማለቂያው ይህ ነው። መንገድ ለመንገድ የሚነፋው የኬሚካል ጭስ ደግሞ በወረርሽኝ ጊዜ ቢጠቅምም ከሰዓታት አያልፍም፤ እጩንም አይነካም። ንብንም ይገድላል፤ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ለሆነች አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አጎበራችሁን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። የተነከረበት ኬሚካል ለዓሣ ከባድ መርዝ ነው። በሳፋ፣ በቀላል ሳሙና እጠቡት፤ ጥላ ላይ አስጡት። ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል።

ትንኝ በትንኝ

አሁን ብዙ የሚያነጋግረው ትንኝ ራሱን መልቀቅ ነው። የሚለቀቀው በብዛት ወንድ ነው፤ ወንድ ትንኝ ደግሞ ሰው አይነክስም። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። ቃሊቲ ላይ ገንዲ የሚያመጣውን የቆላ ዝንብ የሚያራባ ማዕከል በ2007 ተመርቋል። ወንዶቹ በጨረር ይመክናሉ፤ ይለቀቃሉ፤ ከነሱ ጋር የተገናኘች ሴት አትወልድም። ጅቡቲ በግንቦት 2024 በስቴፈንሲ ላይ የጀመረችው በዘረመል የተለወጠ ወንድ መልቀቅ ነው፤ ሴት ልጆቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ውስጥ ደግሞ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ የተሸከሙ ኤደስ ትንኞች ተለቀው ደንጊ በ77 በመቶ ቀንሷል፤ ውጤቱ የወጣው በ2021 ነው። እነዚህ ሁሉ ተስፋ አላቸው። የሚፈልጉት ግን ብዙ ገንዘብ፣ ዓመታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነዋሪው ተጠይቆና ተስማምቶ መሆኑን ነው።

ውኃ ለምን እናጠራቅማለን?

ቧንቧው ስለማይታመን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል አታስቀምጡ ማለት አይቻልም። ስለዚህ "ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም" የሚለው ወቀሳ ለእኔ ሚዛን አይደፋም። ውኃ በየቀኑ የሚያገኝ ቤት ሦስት በርሜል አይደረድርም። የከተማ ውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ዝርጋታ የወባ መከላከል ሥራ ነው፤ በጀት ሲመደብ ጤና ቢሮ አብሮ ሊከራከርለት ይገባል።

እስከዚያው ግን ፈረቃው ራሱ ይጠቅማል። በርሜሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎድለው ውኃ ከመምጣቱ በፊት ባለው ማታ ነው። የቀረችውን ውኃ ለልብስ ወይም ለወለል ተጠቀሙባት፤ ግድግዳውን ፈትጉ፤ ጠዋት ሲሞላ ጨርቁን ወጥራችሁ እሰሩ። ፈረቃው ከሳምንት በላይ ከራቀ ደግሞ አትጠብቁት፤ ያለውን ውኃ በጨርቅ አጣርታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡና በርሜሉን እጠቡ። ጨርቁ ላይ የቀሩትን እጮች ደረቅ መሬት ላይ አራግፏቸው፤ ፀሐይ ይጨርሳቸዋል።